የሕፃኑ ጡጦና ውሃው፦ አምስተርዳም የሚሠራው አዲስ አበባ ላይሠራ ይችላል

በዚህ ዝግጅት ሄግ የምትባለው ከተማ ስትነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ፍርድ ቤት ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን የሰጠው ሄግ ነው። ሆላንድ ውስጥ ተመዝግቦ የነበረው የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ የተደረገውም እዚያው ሄግ በሚገኝ ፍርድ ቤት ነው። ስለ ሁለቱም ብዙ ተናግረናል።

ዛሬ ግን ከዚያችው ከተማ ሌሎች ሁለት መሥሪያ ቤቶችን ላንሳ። አንዱ መንግሥትን በጤና ጉዳይ የሚያማክረው የኔዘርላንድስ የጤና ምክር ቤት ነው። ሁለተኛው ስለ ምግብ ለሕዝብ ምክር የሚሰጠው ፉዲንግስሴንትረም የተባለው የምግብ ማዕከል ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ልጆቻችን ጡጦና ገንፎ ነው፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ አንሰማቸውም። የፖለቲካ ተንታኝ ስለ ጡጦ ምን አገባው የምትሉ ትኖራላችሁ። ወደ እዚህ ጉዳይ ያመጣኝ አንድ ስልክ ነው።

ባለፈው ክረምት አምስተርዳም የሚኖር አንድ ወጣት አባት ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። የአምስት ወር ልጃቸውን ለአያቶቹ ለማሳየት ከባለቤቱ ጋር ሄደው ነበር። በሳምንታቸው ሕፃኑ ተቅማጥና ትውከት ያዘው፤ ዓይኑ ጎደጎደ፣ ሽንቱ ቀነሰ፣ ሆስፒታል ተኛ። እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል። አባትየው እየደጋገመ የሚለው ግን አንድ ነገር ነበር። «ጋሼ፣ እኛ ምንም አላጠፋንም። አምስተርዳም እንደምናደርገው ነው ያደረግነው። እዚያ ነርሷ ራሷ ውሃውን ማፍላት አያስፈልግም ብላናለች።»

እውነቱን ነው። ነርሷም አልተሳሳተችም። ምክሩ የተሰጠው ግን ለአምስተርዳም ውሃ ነው። እነሱ ምክሩን ሻንጣ ውስጥ ከተው አዲስ አበባ ወሰዱት። ከአገር ቤት ወደ ሆላንድ ስንመጣም በተገላቢጦሽ የምናደርገው ይህንኑ ነው። አባቶቻችን «እንደ ሀገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ይላሉ። የዛሬው መልእክቴ ይኸው ነው፤ ልማዱን ብቻ ሳይሆን የልማዱን ምክንያት ይዘን እንጓዝ።

ማፍላት ምን ያድናል? ምንስ አያድንም?

አገር ቤት ውሃ የምናፈላው በምክንያት ነው። በቧንቧው መስመር፣ በሮቶው ወይም በጀሪካኑ ጀርም ሊገባ ይችላል፤ እሳት ደግሞ ጀርምን ይገድላል። በሆላንድ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። የአምስተርዳምን ውሃ ዋተርኔት፣ የሮተርዳምን ኤቪደስ፣ የሄግን ዱኒያ የተባሉ ድርጅቶች ያቀርባሉ። ውሃው ክሎሪን እንኳ ሳይጨመርበት ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ የምግብ ማዕከሉ በወቅቱ ለተወለደ ጤነኛ ሕፃን ከቀዝቃዛው ቧንቧ የተቀዳ ውሃ ሳይፈላ ለጡጦ ሊውል እንደሚችል ይመክራል።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎቻችን የማናውቀው ጉዳይ አለ። እርሳስ ነው። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ ቀድሞ የውሃ ቧንቧ ይሠራበት የነበረውን ግራጫና ለስላሳ ብረት ነው። ሆላንድ ውስጥ ከ1960 በፊት በተሠሩ አንዳንድ ቤቶች ይህ ቧንቧ እስካሁን አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በሰሜን አምስተርዳም በሚገኙ የቆዩ ቤቶች ውስጥ ከተፈቀደው በላይ እርሳስ በቧንቧ ውሃ ተገኘ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የጤና ምክር ቤቱ ሪፖርት አወጣ። በሪፖርቱ መሠረት ከሁሉም በላይ ለአደጋ የተጋለጡት ከጡጦ የሚመገቡ ጨቅላዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ምግባቸው በሙሉ ማለት ይቻላል ውሃ ነው። እርሳስ ደግሞ የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ነው። ልጁ አያስመልሰውም፣ አያተኩሰውም፤ ጉዳቱ ዛሬ አይታይም። ከዓመታት በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የሚታየው።

እንግዲህ እኛ ምን እናደርጋለን? «ለጥንቃቄ» ብለን እናፈላለን። ማፍላት ግን እርሳስን አያጠፋም። ውሃው ሲተን እርሳሱ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ይቀራል፤ እንዲያውም ይበልጥ ይጠነክራል። ጀርምን የሚያሸንፈው እሳት እርሳስ ላይ አቅም የለውም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ቤታችሁ መቼ እንደተሠራ እወቁ። በአምስተርዳም ባይልመር ያሉት ትልልቅ ሕንፃዎች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠሩ ስለሆኑ በዚህ በኩል ብዙም አያሳስቡም። በሮተርዳም ዴልፍስሃቨን፣ በሄግ ስኺልደርስዋይክና ትራንስቫል ግን ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ ቤቶች አሁንም አሉ። ቤታችሁ አሮጌ ከሆነ ቆጣሪው ያለበትን ቁም ሳጥን ክፈቱና ቧንቧውን እዩ። የእርሳስ ቧንቧ ግራጫ ነው፤ ማግኔት አይስበውም፤ በሳንቲም ጫር ሲያደርጉት ብር ይመስላል፤ ሲያንኳኩት ድምፁ የታፈነ ነው።

ከተገኘ ወይም ከተጠራጠራችሁ ነፍሰ ጡር፣ ከጡጦ የሚመገብ ሕፃንና ትንንሽ ልጆች ቧንቧው እስኪቀየር ድረስ ጋዝ የሌለው የታሸገ ውሃ ይጠቀሙ። አከራያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። የውሃ ድርጅቶቹ ከመንገድ እስከ ቆጣሪ ያለውን መስመር ይመለከታሉ፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የቤቱ ባለቤት ኃላፊነት ነው። አከራዩ ዝም ካለ የኪራይ ክርክሮችን የሚመለከተው ሁርኮሚሲ አለ። መብት ነው፤ ልመና አይደለም።

አዲስ ቤት የገባችሁም አንድ ነገር አለባችሁ። አዲስ የቧንቧ መስመር ወይም አዲስ መክፈቻ ሲገጠም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጠዋት ጠዋት ሁለት ደቂቃ ያህል ውሃውን አፍስሱ፣ ከዚያ ተጠቀሙ። የፈሰሰው ለአበባ ይሆናል። ለጡጦ ደግሞ ሁልጊዜ ከቀዝቃዛው በኩል ቅዱ እንጂ ከሙቅ ውሃው አትቅዱ፤ ከቀዳችሁ በኋላ አሙቁት።

ጡጦ አዘገጃጀት

የዱቄት ወተት ከፋብሪካ የወጣ ቢሆንም ከጀርም ፍጹም ነጻ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያ አንዳንዴ ይገኝበታል፤ ብርቅ ቢሆንም ጨቅላን የሚገድል ነው። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውሃ እንዲበጠበጥ ይመክራል። የሆላንዱ ምክር ላላ ያለው በውሃው ንጽሕናና ጡጦው ወዲያው ተሠርቶ ወዲያው ስለሚሰጥ ነው። ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ለታመመ ልጅ ግን ሆስፒታሉ የሚላችሁን ብቻ ተከተሉ።

የትም አገር የማይለወጡ ነገሮች አሉ። እጅ በሳሙና ይታጠብ። መጀመሪያ ውሃው ተለክቶ ይግባ፣ ከዚያ ዱቄቱ። የሚለካው ከቆርቆሮው ጋር በመጣው ማንኪያ፣ ተስተካክሎ፣ ሳይነሰነስ። «ልጁ እንዲጠግብ» ብሎ አንድ ማንኪያ መጨመር ኩላሊቱን ማስጨነቅ ነው። «ወተቱ ውድ ነው፣ ይብቃቃ» ብሎ ውሃ ማብዛት ደግሞ ልጁን እያጠቡ ማስራብ ነው። ሕፃኑ ጠጥቶ የተወውን ከአንድ ሰዓት በላይ አታቆዩት፤ ድፉት። ቆጥቦ ለሌሊት ማስቀመጥ አገር ቤት የለመድነው ጨዋነት ነው፤ ጡጦ ላይ ግን አይሠራም። ማይክሮዌቭ ከተጠቀማችሁ አንዱ ጥግ ፈልቶ ሌላው ቀዝቅዞ ሊወጣ ስለሚችል በደንብ ነቅንቁና በእጃችሁ ክርን ውስጠኛ ቆዳ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያድነው ግን የእናት ጡት ነው። ቧንቧ የለውም፣ ማንኪያ የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው ጡት ብቻ የሚጠቡ ነበሩ። ይህ በድህነት ውስጥ ያለ ሀብታችን ነው። ሆላንድ መጥተን ሥራ ስንጀምር እንጥለዋለን። ሕጉ ግን ከእናቶች ጎን ነው። ልጁ ዘጠኝ ወር እስኪሞላው ድረስ አሠሪ እናትየዋ እንድታጠባ ወይም ወተቷን እንድታልብ ከሥራ ሰዓቷ እስከ አንድ አራተኛ የሚደርስ ጊዜ ከነደሞዟ ሊሰጣት ይገባል። በሆቴል ጽዳትም ሆነ በመጋዘን የምትሠሩ እህቶቻችን ይህን እወቁ። የታለበው ወተት በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል።

ወደ አገር ቤት ስትሄዱ

አሁን ወደዚያ አባት እንመለስ። ሕፃን ይዛችሁ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ስትሄዱ የሆላንዱን ደንብ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ጥላችሁ ሂዱ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ለጉዞው ብላችሁ እንዳታስጥሉት። ጡጦ ከሆነ ውሃው ይፈላ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ መንተክተክ እንደጀመረ አታውርዱት፤ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ካወረዳችሁት በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው፣ ገና ትኩስ እያለ ዱቄቱን በጥብጡበት፤ ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማቀዝቀዝ ነው። ጡጦውና ጫፉም ታጥበው ይቀቀሉ።

ልጁ ተቅማጥ ከያዘው ጡቱን አታቋርጡ። በየጤና ጣቢያውና መድኃኒት ቤቱ የሚገኘውን ለምለም፣ ማለትም ኦአርኤስ፣ በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከደከመ «እስኪነጋ» አትበሉ፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም።

አያትና ክራምዞርግ አንድ ማድ ቤት ውስጥ

ሆላንድ ውስጥ ከወለዱ በኋላ ቤት ድረስ መጥታ እናትንና ጨቅላን የምትንከባከብ ባለሙያ አለች፤ ክራምዞርግ ይባላል። አገልግሎቱ በመሠረታዊው የጤና መድን ውስጥ የተካተተ ሲሆን ለየሰዓቱ ከራስ የሚከፈል ጥቂት መዋጮ አለው። በሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ አያት ከአገር ቤት ለማረስ ይመጣሉ። አንዲት ትንሽ ማድ ቤት ውስጥ ሁለት አዋቂዎች ይገናኛሉ፤ አንዷ ቴርሞሜትር፣ አንዷ ቅቤ ይዘው። መሐል ላይ አራሷ ትጨነቃለች።

አያትን ማሳፈር አያስፈልግም። ምክንያታቸውን መስማት ነው። እትዬ ሕፃኑን ጠዋት ፀሐይ ላሙቀው ሲሉ ልክ ናቸው፤ ፀሐይ ለአጥንት የሚሆነውን ቫይታሚን ዲ ታሠራለች። የሆላንድ የጥር ፀሐይ ግን ያን ማድረግ አትችልም። ስለዚህ እዚህ የፀሐዩን ቦታ ጠብታ ይተካል፤ ከተወለደ በሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ አራት ዓመቱ በየቀኑ 10 ማይክሮግራም። ቆዳችን ጠቆር ያለ ሰዎች ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላም እንድንቀጥል ይመከራል። እንገር ይጠባ ቢሉም ልክ ናቸው፤ ይጣል ካሉ ግን በትሕትና እምቢ በሏቸው፤ የሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያ እሱ ነው።

ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥ ግን ይቅር። ጥሬ ቅቤ ጀርም ሊኖረው ይችላል፤ በጉሮሮው አልፎ ሳንባው ውስጥ ሊገባም ይችላል። ማር አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ፈጽሞ አይቀመስም። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን የሚያሽመደምድ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ ይህም ዘር በማድ ቤት እሳት አይሞትም። የአዋቂ ሆድ ያሸንፈዋል፣ የጨቅላ ሆድ ግን አያሸንፈውም። ለሆድ ቁርጠት የምንሰጠው እንስላል ደግሞ የእኛ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ደቾችም ሻይ አድርገው ይሰጡ ነበር። አሁን የምግብ ማዕከሉ ኤስትራጎል በተባለ ንጥረ ነገሩ የተነሳ ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ይመክራል። ጤና አዳምም ለቡናችሁ ይሁን። ልማዳቸውን የቀየሩት እኛ ብቻ እንዳልሆንን ለአያት ብትነግሯቸው ነገሩ ይቀላቸዋል።

ምግብ ሲጀምር

ምግብ ማቅመስ የሚጀመረው ልጁ ራሱን ቀና አድርጎ መያዝ ሲችል፣ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ገንፎአችን፣ አጥሚታችን፣ የምስር ፍትፍታችን ጥሩ ምግቦች ናቸው። ጨው ግን አንድ ዓመት እስኪሞላው አይጨመርበት። የቤተሰቡ ሽሮ ጨውና በርበሬ ከመግባቱ በፊት የልጁን ድርሻ ቀንሳችሁ አውጡ፤ ሌላ ድስት አያስፈልግም። ሩዝ ብቻ በየቀኑ አትስጡት፤ ሩዝ ከሌላ እህል ይልቅ አርሴኒክ ስለሚይዝ ከጤፍ፣ ከገብስ፣ ከአጃ ጋር አፈራርቁት።

ለውዝና እንቁላል ብዙዎቻችን ፈርተን እናዘገያለን። የሆላንድ ምክር ግን ተቃራኒው ነው፤ ልጁ ስምንት ወር ሳይሞላው ይጀምር ይላል፤ ቶሎ መጀመር አለርጂን ይከላከላልና። ለውዙ የላመ ቅቤ ሆኖ ገንፎ ውስጥ ይግባ፣ እንቁላሉ በደንብ ይብሰል። ኃይለኛ የቆዳ ችፌ ያለበት ልጅ ከሆነ አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። ሙሉ ለውዝና ቆሎ ግን ያንቃል፤ እስከ አራት ዓመት አይሰጥ።

ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣው የገንፎ ምጥንስ? የእናት ፍቅር ነው፤ አልነቅፍም። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ በንግድ የሚገባውን ቅመማ ቅመም ለአፍላቶክሲን፣ ሰሊጡን ለሳልሞኔላ ተጨማሪ ምርመራ ከሚያደርግባቸው ምርቶች ተርታ አስገብቷል። አፍላቶክሲን እርጥበት ያገኘ እህልና ለውዝ ላይ የሚወጣ ሻጋታ መርዝ ነው፤ ጉበትን ይጎዳል፤ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። በሻንጣ የመጣውን ማንም አይመረምረውም። ስለዚህ ለጨቅላው የሚሆነውን እህል እዚሁ ገዝታችሁ አስፈጩ፤ ለውዙን ከዚሁ ሱቅ ጨምሩ። አያት አሠራሩን ይምሩ። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ስኪፖል ላይ ይወሰድባችኋል። የተፈቀደው የታሸገ የሕፃን ዱቄት ወተት ነው፣ እሱም እስከ 2 ኪሎ።

ጥሬ ክትፎ ለትንሽ ልጅና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ በደንብ ይብሰልላቸው። ደቾች ዳቦ ላይ የሚቀቡት ፊለ አሜሪከን የተባለውም ጥሬ ሥጋ ስለሆነ ያው ነው።

ለነርሷ እውነቱን ንገሯት

በመጨረሻ የሚከብደውን ልናገር። ሆላንድ ውስጥ የልጆችን እድገት በነጻ የሚከታተል ኮንሱልታሲቢሮ የሚባል ጣቢያ አለ፤ አምስተርዳም በወላጅና ልጅ ቡድኑ፣ ሮተርዳምና ሄግ ሴየኸ በሚባለው ማዕከል በኩል ታገኙታላችሁ። ብዙ ወላጆቻችን እዚያ ሄደው ይዋሻሉ። «ምን ትሰጡታላችሁ?» ሲባሉ ነርሷ መስማት የምትፈልገውን ይናገራሉ። ለምን? ይፈራሉ። ልጄን ይወስዱብኛል ይላሉ።

ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። በሆላንድ የሕፃናት ማቆያ ድጎማ ጉዳይ በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው አጭበርባሪ ተብለው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቀዋል፤ ብዙዎቹም የውጭ አገር ዝርያ ያላቸው ነበሩ። የሩተ መንግሥት በዚህ የተነሳ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2021 ሥልጣን ለቋል። ይህን ያየ ወላጅ መንግሥትን ቢጠራጠር አልፈርድበትም። ነገር ግን ያ የግብር መሥሪያ ቤት ነው። የነርሷ ሥራ ልጁን መመዘንና መምከር ነው፤ የሙያ ምስጢርም የመጠበቅ ግዴታ አለባት። እንስላል ሰጥቻለሁ ማለት ወንጀል አይደለም። ካልነገራችኋት ግን የምትመክረው እናንተ ቤት ላለው ልጅ ሳይሆን በወረቀት ላይ ላለ ልጅ ነው።

ያ አባትም ለነርሷ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨምርላት ኖሮ፣ «በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ልንሄድ ነው» ቢላት ኖሮ፣ ምክሯ ሌላ ይሆን ነበር። እሱም ይህንኑ አለኝ። አሁን በየዓመቱ ክረምት ሲቃረብ ለጉዞ ለሚዘጋጁ ጓደኞቹ ሁሉ ይደውላል።

እናንተም ይህን ጽሑፍ ላረገዘች እህት፣ ለአራስ ጎረቤት፣ ትኬት ለቆረጠ ቤተሰብ አስተላልፉ። ዛሬ ማታ ደግሞ የቆጣሪውን ሳጥን ከፍታችሁ ቧንቧውን እዩት።